የቀርከሃዋ ድሮን

ለወንድሜ ለምንያህል፣

አንተና ልጆችህ እንዴት ከርማችኋል? እኔና ብዙወርቅ እዚህ አሶሳ ዝናቡም እህሉም ሳይጓደልብን አለን፤ ተመስገን።

የላክኸው ካርቶን በሰላም ደረሰ። አራቱን ሞተሮችና ባትሪውን ስዳስስ ሬዲዮ መጠገን የጀመርኩበት ዘመን ትዝ አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ። የድሮኗን አካል ከመንጌ ወረዳ ባስመጣሁት ቀርከሃ ሠራሁት፤ ቀላልና ጠንካራ ሆነልኝ።

ግቢ ቁጭ ብዬ የባትሪውን ሽቦ ልበይድ ስል ብዙወርቅ እጄን ያዘችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ በቀዩ ቦታ ጥቁሩን ምን አመጣው? ልታቃጥላት ነው?»

«መብራቱ ደክሞ ነው» አልኳት።

«የምን መብራት? ቀትር ላይ እኮ ነን።»

ከዚያ ወዲህ እሷ ሽቦውን እየለየች ታቀብለኛለች፣ እኔ እበይዳለሁ። «ሬዲዮ ጠጋኝ አገባሁ ብዬ እኔው ጠጋኝ ሆኜ አረፍኩት» እያለች ትስቃለች። እሷን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን።

እሑድ ድሮኗን ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ልናስነሳት ሞከርን። መጀመሪያ ተገለበጠች። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርገን ይዘናት መዳፌን በየሞተሩ ሥር ባደርግ የአንዱ ነፋስ ወደ ላይ ይነፍሳል፤ በተቃራኒው እየዞረ ኖሯል። ሁለት ሽቦ አቀያየርኩና መቆጣጠሪያውን ለብዙወርቅ ሰጠኋት። ድሮኗ ተነሳች። ጎረቤቱ ሁሉ አንጋጠጠ።

«አየሃት?» አለችኝ።

«አራቱም እኩል ያዜማሉ» አልኳት።

ለልጆቹ ሰላምታችንን ንገርልን፤ አምላክ በደስታ ያገናኘን። ስትጽፍልን ፊደሉን ገዘፍ አድርገው፤ ብዙወርቅ እንደዚያ ትወዳለች።

ታላቅ ወንድምህ ታምሩ