በገዛ አፋቸው ያመኑት ቴዎፊል ቦርዛ

ወንድም ቴዎፊል ቦርዛ ከአባታቸው ከመጋቢ ኒኮዲም ቦርዛና ከእናታቸው ከፍሎሪካ፣ በምዕራብ ሩማንያ በምትገኘው በፖያና ሞሪ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1950 ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በዚህ ጽሑፍ ላይ እርሳቸውም “መጋቢ” ተብለው እንዲጠሩ አሳስበው ነበር። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ማዕረጉን ከገፈፏቸው ስድስት ዓመት ስላለፈ፣ ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ሳቬታ ዛሬ ለቀብር ተብሎ የሚመለስ ማዕረግ አልተቀበለችም።

ስምንት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ስለ እምነታቸው በኮሚኒስቱ መንግሥት ታሰሩ። በአባታቸው የእስር ዘመን የመንደሩ ባፕቲስቶች ሁሉ ፀጉራቸውን እየዳበሱ “የጀግና ልጅ” ይሏቸው ነበር። ልጁ ራሱ ምን ያምን እንደሆነ የጠየቀው ግን አልነበረም።

በ1964 መጸው አባታቸው ጥርሳቸው ረግፎ፣ ከስተው ተፈቱ። በተመለሱ በሁለተኛው እሑድ ቴዎፊልን ነጭ ቀሚስ አልብሰው ወደ ወፍጮው ቦይ አወረዷቸው። እኛ ሕፃን አናጠምቅም፤ በገዛ አፉ “አምናለሁ” ያለውን ብቻ እንጂ። አባታቸው የታሰሩትም ይህንኑ በማስተማራቸው ነበር። ውኃው እስከ ደረታቸው ደርሶ፣ አባታቸው “በፍጹም ልብህ ታምናለህ?” ብለው ሲጠይቁ፣ የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ዝም አሉ። እናታቸው ከዳር ሆነው፣ “ብርዱ አንደበቱን አስሮት ነው፤ ያምናል፣ ያምናል” አሉ። አባታቸውም አጠመቋቸው። ሕዝቡ በደስታ አለቀሰ። ሳቬታ የወንድሟን ጫማ ይዛ ዳር ላይ ቆማ ስለ ነበር፣ ያልመለሱ መሆናቸውን በጆሮዋ ሰምታለች።

በቤዩሽ ከተማ የእንጨት ሥራ ተምረው በቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1974 በቤተ ክርስቲያናችን የማንዶሊን ሙዚቃ ጓድ ውስጥ ከሚጫወቱት መካከል አንደኛዋን፣ እህት ዘኖቪያን አግብተው እስቴራንና ያኮብን ወለዱ። በ1980 አባታቸው ሲያርፉ ጉባኤው የአባታቸውን ጥቁር ካፖርት እጅጌውን አሳጥሮ አለበሳቸውና መድረክ ላይ አወጣቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አገለገሉ። አፋቸው ማር ነበር፤ ሰው ሁሉ “ቁርጥ አባቱን” ይል ነበር። እሑድ ከስብከት በኋላ በጎመን የተጠቀለለው ሥጋ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ሲተክዙ የምታያቸው ዘኖቪያ ብቻ ነበረች። “ቴዎ፣ ዛሬም አባትህ ነው የሰበከው?” ትላቸው ነበር። እርሳቸውም “ሌላ ማን አለና” ይሏት ነበር።

ዘኖቪያ በ2012 በጋ አረፈች። በዚያው መስከረም፣ እርሷ በየዓመቱ ታደርገው የነበረውን ሊያደርጉ፣ ወንድማችን ግቢው ውስጥ ትልቁን የመዳብ ድስት ጥደው የፕሪም ማርማላታ ያማስሉ ጀመር። ሥራው ቀኑን ሙሉ መቆም ይጠይቃል፤ ለአፍታ ከተዉት ያራል። ሳቬታ ልታግዛቸው ስትመጣ ማማሰያውን ይዘው እያለቀሱ አገኘቻቸው። የዘኖቪያ ኀዘን መስሏት ልታጽናናቸው ስትል፣ “አይደለም። እስከ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ የሚታየኝ የአባባ ቦት ጫማ ነበር። ዛሬ ግን ጌታን ራሱን አናገርሁት፤ እርሱም ሰማኝ። ሳቬታ፣ አመንሁ” አሏት። ራእይ አላዩም፣ ድምፅም አልሰሙም። የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ማርማላታ ሆኖ ነበር፣ ፊታቸውም በርቶ ነበር።

በማግስቱ እሑድ መድረኩ ላይ ቆመው ይህንኑ ተናገሩ። “የሰበክሁላችሁ የአባቴን እምነት ነበር። አሁን የራሴ አለኝ። እባካችሁ አጥምቁኝ” አሉ። ለአንድ ክርስቲያን ማኅበር ከዚህ የበለጠ የምሥራች ከየት ይመጣል? ሽማግሌዎቹ ግን ኀዘን አእምሯቸውን እንደነካው ወስነው ወደ ፍል ውኃ ሄደው እንዲያርፉ መከሯቸው። እምቢ ሲሉ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወንድም ግሊጎር በጉባኤ ፊት፣ “አንተ ሳታምን ካጠመቅኸኝ እኔ ምንድን ነኝ?” አሏቸው።

“ግሊጎር፣ አንተ ያመንኸው በእኔ ነበር እንዴ?” ብለው መለሱ።

በእጅ ማውጣት ከአገልግሎትም ከጌታ እራትም ተለዩ። ልጃቸው ያኮብም እጁን አወጣ። የአጎራባች መንደሮች መጋቢዎችም አንዳቸው ስንኳ ሊያጠምቋቸው አልደፈሩም። ላላመኑት ልጅ የተከፈተ ውኃ ላመኑት ሽማግሌ ተዘጋ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም እሑድ ሳይቀሩ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የኅብስቱ ሳሕን ሲዞር በራሳቸው ላይ አልፎ ለቀጣዩ ሰው ይሰጥ ነበር። ያን ሳሕን ያሳለፋችሁ እዚህ አላችሁ።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸው ታመመ። ወንድም ግሊጎር ሆስፒታል ድረስ መጥተው፣ “‘ያኔም አምን ነበር’ በልና ኅብስቱን አሁኑኑ ላቁርብህ” አሏቸው። ወንድማችን ትንፋሽ እያጠራቸው፣ “እምነቴን ያገኘሁት እውነቱን የተናገርሁ ዕለት ነው። ውሸት ተናግሬ ኅብስቱን ብቀበል ምን ይጠቅመኛል?” አሉ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019 ጧት፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ሳይጠመቁ አረፉ።

አስከሬናቸውን ያጠበችው ሳቬታ ናት። ውኃው በእጇ ነበር፤ ቃሉንም ታውቀዋለች፤ ብቻዋንም ነበረች። ጥያቄውን ጠይቃ፣ “ያምናል” ብላ መልሳላቸው፣ ውኃውን ልታፈስላቸው ልቧ ከጅሎ ነበር። ግን ስለ እርሳቸው አንድ ጊዜ ሌላ ሰው መልሶላቸዋል፤ ዕድሜያቸውንም የበላው ያ መልስ ነው። ስለዚህ ምንም ሳትል አጥባ፣ ደረታቸውን አድርቃ፣ ሸሚዛቸውን አለበሰቻቸው። የአባታቸውን ካፖርት አላለበሰቻቸውም።

ወንድም ቴዎፊል ከስፔን የመጣችውን ልጃቸውን እስቴራን፣ ልጃቸውን ያኮብን፣ አራት የልጅ ልጆችንና እህታቸውን ሳቬታን ትተው ሄደዋል። ሽማግሌዎቹ ባስቀረጹት የመቃብር ድንጋይ ላይ “በ1964 አምነው ተጠመቁ” ይላል። ድንጋዩ ይዋሻል። የጠየቃቸው ጌታ መልሱን ከራሳቸው አፍ ሰምቷል፤ ነፍሳቸውንም የኒኮዲም ልጅ ሳይል በገዛ ስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን። አሜን።