ሁለተኛው ዋስ

ውድ እትዬ ባዩሽ፦

ዳላስ ልጅዎ ቤት ከገቡ ሦስት ወር ሆነዎት። በስልክ ሲሆን እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ፤ ስለዚህ ሊያቋርጡኝ በማይችሉበት መንገድ ልምጣብዎ ብዬ ወረቀት ይዣለሁ። ደብዳቤው የምስጋና ነው። ትንሽ ኑዛዜም ገብቶበታል፤ ምስጋናው ብቻውን አልጻፍ ብሎኝ ነው።

ሥራዬን ያውቁታል። ክሪስታል ሲቲ ባለው ቢሮዬ፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የአውሮፓ መንግሥታት ሮማ የሚባሉትን ዜጎቻቸውን በትምህርት፣ በሥራና በመኖሪያ ቤት ከሌላው እኩል እንዲያደርጉ ምክር እጽፋለሁ። ብዙዎቹ አያቶቻቸው ብረት ሲቀጠቅጡ፣ መዳብ ሲያነጥሩ የኖሩ ናቸው፤ የሠሩትን ድስት ገዝቶ በር የሚዘጋባቸው ጎረቤት ግን ሞልቷል። እኔ አውሮፓን ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ይህ ምክሬን አላሳጠረውም፤ አርባ ሦስት ገጽ ሆኗል።

እሁድ ደግሞ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ለደምሴ የእምቢታውን ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ደምሴ የግማሹን አባል ፈርነስ፣ የቤት ማሞቂያውን፣ የጠገነ ልጅ ነው። የእርስዎንም በዚያ በረዶ እየዳከረ መጥቶ ነው የሠራው። እናቱ እማማ ሸዋዓለም ከአገር መጥተው ሀያትስቪል እሱ ቤት ከገቡ ወዲህ «እዚህ ብሞት ማን ይቀብረኛል? ማንስ ያለቅስልኛል?» እያሉ እህል አልበላም ስላሉት ነው እድር ልግባ ያለው። ደንባችን አገር ቤት ከአመልካቹ ቀዬ የመጡና ቤተሰቡን የሚያውቁ ሁለት ዋሶች ይጠይቃል። የአገሩ ልጆች ሦስት ነበሩን። ሦስቱም ቤተሰቡን አሳምረው ያውቁታል፤ ጣጣውም እሱ ነው፤ አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሦስቱም በየተራ ሥራ በዛብን አሉ። እኔም «የዋስ መስፈርት ባለመሟላቱ፣ ለጊዜው» ብዬ ጻፍኩ። «ለጊዜው»ን ስጨምርበት ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር!

ከዚያ ያ የሲልቨር ስፕሪንጉ የእድር ስብሰባ መጣ። አጀንዳው አልቆ ወንበር ሲንኳኳ እርስዎ እጅዎን አነሱ።

«ይሄ ልጅ ሥራ ቦታው ምን እንደሚጽፍ ነግሮን አያውቅም፤ እስቲ ያንብብልን።»

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ፦ ልጆቻቸው ለብቻ ክፍል እንደሚማሩ፣ ስማቸው ታይቶ ቤት እንደሚከለከሉ፣ የጠጡበት ብርጭቆ የሚሰበርበት ቦታ እንዳለ። አዳራሹ ጋለ።

«ብርጭቆ?» አሉ ከፊት የተቀመጡት እታለማሁ፤ «ምን ዓይነት ጉዶች ናቸው!»

«በዚህ ዘመን!» አሉ ሰብሳቢያችን አቶ ኃይለመለኮት፣ ከረባታቸውን እያቃኑ። «ዝም ማለት የለብንም። በእድራችን ስም ለአውሮፓ ፓርላማ የተቃውሞ ደብዳቤ ይጻፍ።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም መጻፍ ጀመርኩ፤ «በጥልቅ ሐዘን» የሚለው ላይ ስደርስ ነው እርስዎ ቀስ ብለው የተነሱት።

«ጎሽ። ሲላክ ለደምሴ የጻፍነውን ከኋላው አያይዙት።»

«እትዬ ባዩሽ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉ አቶ ኃይለመለኮት።

«እንዴት ነው ሌላ?»

«እነዚያ ሮማዎች ናቸው። ደምሴማ የኛ ልጅ ነው፣ ባለሙያ ነው፤ ግን…»

«ግን ምን?»

አቶ ኃይለመለኮት ዘጠና ሰው ፊት እንደገና ከረባታቸውን ማቃናት ያዙ። እርስዎ ወደኔ ዞሩ። «ጸሐፊው ያውቃል። ይጨርስልን።»

ላፕቶፔን ዘጋሁ። «የቀጥቃጭ ቤት ሰው ቡዳ ነው፣ እናቱ ለቅሶ ቤት ወጥ ይዘው ቢመጡ አንበላም፣ ማለታችን ነው» አልኩ። እንደዚያ በግልጽ ሲነገር እንዴት ያስቀይማል! በአርባ ሦስት ገጼ ውስጥ እንደዚያ ያለ ግልጽ መስመር የለም።

«እኔ እበላለሁ» አሉ እርስዎ። «ዋስም እሆናለሁ። የእናቱን አገር አላውቅም፤ እሳቸውን ግን እዚሁ አውቃቸዋለሁ። ሁለተኛው ማነው?»

እትዬ፣ እጄን ያነሳሁት ጀግና ሆኜ አይደለም። ዓይንዎ የሚሸሹት ዓይን ስላልሆነ ነው። ግን ካነሳሁት በኋላ ከበደኝ ማለት አልችልም፤ እንዲያውም ለዓመታት ይዤው የዞርኩትን ነገር ያስቀመጥኩ ያህል ቀለለኝ። ስለዚያ አመሰግንዎታለሁ።

ከሄዱ በኋላ የሆነውን ልንገርዎት። ደንቡ «በአገር ቤት የሚያውቁት» የሚለው ወጥቶ «እዚህ የሚያውቁት» ተባለ፤ ስድሳ ሁለት ደገፉ፣ ዘጠኝ ተቃወሙ፣ የቀሩት ጣሪያውን አዩ። አቶ ኃይለመለኮት ከጣሪያ ተመልካቾቹ ጋር ናቸው። እኔም ኦፊስ ገብቼ ጥናታችን ያማከራቸውን ሰዎች ዝርዝር ፈለግሁ፦ አሥራ ሰባት ፕሮፌሰር፣ አንድም ሮማ። አለቃዬ «ዴድላይን አለብን» አለችኝ። ቀነ ገደቡን በግድ አስራዝሜ አንዲት የሮማ እናት በዙም አገኘሁ። መጠይቄን ሳልጀምር «አንተስ ጎረቤትህ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ከመጠይቄ አናት ላይ ጻፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ የአባልነት ካርዱን ይዤ ሀያትስቪል ሄድኩ። እማማ ሸዋዓለም አገላብጠው አዩትና «ይሄ ያለቅሳል እንዴ?» አሉኝ። «የሚመጣውን ሰው ስም ጥራልኝ።»

ከስልኬ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚያዩዋቸው ናቸውና በየስሙ ይፈርዳሉ። «እሷ ትመጣለች። እሱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልክ ያወራል።» አቶ ኃይለመለኮት ጋ ስደርስ ትንሽ አሰቡ። «ይመጣል። ቶሎ ይሄዳል እንጂ።» ደምሴ ከሳሎኑ ማዶ «እማዬ፣ ተይው እንጂ!» ይላል፤ እሳቸው ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ባዩሽስ? ሩቅ ሄደች አሉኝ።»

«ይመጣሉ» አልኩ።

«ከዚያ ሁሉ አገር?»

«ከዚያ ሁሉ አገር።»

ካርዱን በመሐረብ ጠቀለሉና ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «እንግዲያው ሰው አለኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ምሳ አቅርብ፤ ራበኝ» አሉት። ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን። እሳቸው ከሁላችንም በለጡ።

ስለዚህ ሳላማክርዎት ቃል ገብቼብዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እማማ ለመሞት ጨርሶ አልቸኮሉም፤ ከእንግዲህ እበላለሁ ብለዋል። እርስዎም ጉልበትዎን ጠብቀው፣ መድኃኒትዎን ውጠው፣ ብዙ ዓመት ይሰንብቱልን። ቀኑ ሲደርስ ኤርፖርት መጥቼ የምቀበልዎ እኔ ነኝ።

አክባሪዎ
ብስራት፣ ከአሌክሳንድሪያ