ለአጫዋቿ ልጄ

ይድረስ ለልጄ ለወሰንየለሽ፣ ደብረ ብርሃን። የመንዝ ብርድ ያላቀዘቀዘው ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እግዜር ይመስገን፣ እንደ ጥድ ቀጥ ብዬ ቆሜአለሁ።

በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ መያዝሽን ሰማሁ። «የመዝናኛ አስተባባሪ» ይሉታል አሉ፤ በእኛ አገር ስሙ አጫዋች ነው። የባላባት ልጅ የተማረችው የሰው አባት ሰብስባ ገበጣ ልታጫውት ኖሯል?

እዚህም ገበጣ ነበረን። ጎረቤታችን አስቻለው ጠጠር ሰረቀኝና ዱላ አቀመስኩት። «አያ ብሩ፣ ጠጠሩ እኮ ከፊትዎ ነው!» ብሎ ጮኸ። ውሸታም! ከዚያ ወዲህ የሚመጣ የለም፤ ጉድጓዱን በጣቴ እየዳበስኩ ብቻዬን እጫወታለሁ።

የሚጽፉልኝ ቄስ ጌጡ ናቸው። «ሌላውንም ልንገራት?» ቢሉኝ «ያልኩዎትን ብቻ ይጻፉ» አልኳቸው።

በፋሲካ ማግስት በጠራራ ፀሐይ እህትሽ ስመኝ ዝም ብላ ገባች። ሌባ መስላኝ በዱላ ጥርሷን አወለቅኩት። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ሰው ቤት ሲገባ ድምፅ ያሰማል። ነይ አላልኩሽም። ከመጣሽ ግን ከደጅ ሆነሽ ስምሽን ተናገሪ፤ ደጋግመሽ ተናገሪ።

እግዜር ዓይንሽን ይጠብቅልሽ።

አባትሽ ብሩ