በረንዳዬ ላይ ያደረችው ልጅ

ጥር 25

ሥራው ደህና ዋለ። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጨረስኩ። የመናኸሪያው አቧራ ግን ስፌት መኪናዬን ሊገድለው ነው።

ማታ ስዘጋ እንደ ልማዴ በረንዳው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁ። የመንገድ ልጆች እንዳይተኙበት... ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ጥግ ላይ የነበረው ጆንያ ተነቃነቀ። ሴት ልጅ! አሥራ አምስት ቢሆናት ነው። ውሃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ ቆመች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ...

«እትዬ፣ ድምፅ ቢያሰሙኝ እኮ እነሳልዎ ነበር።»

ጆንያዋን ጨምቃ ሄደች። 

ጥር 26

ለሳዲያ ነገርኳት። ከጎኔ ሻሽና ሽርጥ የምትሸጠው። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «እኔም እደፋለሁ» አለች። «ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ሆነናል አመልማል?»

ልጅቷን ፈልገን አገኘናት። ሰልሳቢል ትባላለች፣ ከባቲ ወዲያ ነው የመጣችው። እናቷ ስትሞት የሰው ቤት ገባች፣ አሠሪዋ መታቻት፣ ጠፋች። ራሷን ጨምራ ዘጠኝ ሴቶች ልጆች ቆጠረችልን። ዘጠኝ! በየቀኑ የማልፍባቸው።

የካቲት 3

ለልጆቹ ማደሪያ እንፈልግላቸው ያለችው ሳዲያ ናት። እሷ ሀጂ አብዱልጀባርን ይዛ፣ እኔ የንስሐ አባቴን ቄስ በዛብህን ይዤ ሱቄ ተገናኘን። ሀጂ ማሽላ ነጋዴ ናቸው፣ ሁለት ባዶ መጋዘን አላቸው።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ሰዎች ልጆቹን ሊያሰልሟቸው ነው ይላሉ።»

«የኔዎቹ ደግሞ ሊያጠምቋቸው ነው ይላሉ» አሉ ሀጂ።

ተያዩ። ከዚያ ሳቁ! ሳዲያና እኔም ሳቃችንን መያዝ አልቻልንም።

«እንግዲያው» አሉ ቄሱ፣ «አንቱ የኔን ልጆች እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይስደዱ። እኔ ደግሞ የአንቱ ልጆች ዓርብ ዓርብ መስጊድ መሄዳቸውን እጠይቃለሁ።»

ሀጂ እጃቸውን ዘረጉ። «ፈጣሪ ይመስክር።» አንደኛው መጋዘን ለሴቶቹ ሆነ፣ ሌላው ወደፊት ለወንዶቹ።

የካቲት 12

ወገቤ! የመስጊዱ ወጣቶች ቆርቆሮ መቱ፣ የሰንበት ተማሪዎቹ ኖራ ቀቡ። አይጥ ስትወጣ ከሁሉ በፊት የሸሹት ሀጂ ናቸው። ዘጠኝ ፍራሽ ሰፋሁ። ጣቴ ቆሳስሏል... ግን እንዲህ ደስ ብሎኝ የሰፋሁት መቼ ነበር?

የካቲት 15

ልጆቹ አልገቡም።

ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው ቆሙ። የሠራንላቸው ወጥ ቀዘቀዘ። ኋላ ሰልሳቢል ወደ ሀጂ ጠጋ አለች። «በሩ የሚቆለፈው ከውስጥ ነው ከውጭ?»

ለካ አሠሪዋ ስትወጣ በላይዋ ትቆልፍባት ኖሯል።

ሀጂ የውጩን የቁልፍ ማንጠልጠያ በመዶሻ ነቅለው ጣሉት። ከውስጥ መቀርቀሪያ አስመቱ። «ልጄ፣ ግቢና ሞክሪው።» ገባች። ቀረቀረች። ከፈተች። እንደገና ቀረቀረች... ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማናት። የቀሩት ተከትለው ገቡ።

የካቲት 22

ረመዳን ገባ፣ ሁዳዴም ገና መጀመሩ ነው። ስለ ሥጋው ስንት ተጨንቀን ነበር! የማን እርድ፣ የማን ድስት... ዘንድሮ ሁሉም ጿሚ ነው፣ ምስር ወጥ በዘይት፣ አንድ ድስት በቃ። ክርስቲያኖቹ በዘጠኝ ሰዓት መብላት ይችሉ ነበር። ብፅዓት የምትባለው ግን እምቢ አለች፦ «እኔ በልቼ እነሱን ቁጭ ብዬ ልያቸው? አዛኑን እንጠብቅ!» ጠበቁ። ከድስቱ ጠብታ እንኳ አልቀረም።

መጋቢት 8

ሰልሳቢል የለችም። ማለዳ ወጣች አሉ። ለማንም አልተናገረችም።

መጋቢት 9

አልመጣችም። አንድ ደንበኛዬ «ነግሬሽ ነበር፣ የመንገድ ልጅ አይረጋም» አለችኝ።  ቄሱ ሆስፒታል ጠየቁ፣ ሀጂ ሾፌሮቹን ሁሉ። ምን አድርገናት ይሆን?

መጋቢት 10

መጣች!! አልሐምዱሊላህ እያለች የጮኸችው ሳዲያ ናት፣ እኔም አብሬ አልኩ መሰለኝ።

ብቻዋን አይደለችም። አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ በእጇ ይዛለች። እህቷ ናት፣ ረቢአ። ባቲ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሰኞ ሰኞ ገበያ እንደምትላክ ሰልሳቢል ታውቃለች፣ ሄዳ ጠበቀቻት።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«እምቢ ብትሉኝስ ብዬ...» መሬት መሬት አየች። «አልጋ እንኳ አያስፈልጋትም። ከኔ ጋር ትተኛለች።»

ሀጂ ፊታቸውን አዞሩ። አለቀሱ መሰለኝ። እኔ አሥረኛውን ፍራሽ ልቆርጥ ሄድኩ።

መጋቢት 21

ኢድ። ሀጂ አሥሩንም አዲስ ቀሚስ አለበሱ። «ክርስቲያኖቹንም?» ስላቸው ተቆጡ፦ «ለይቼ ላልብስ?» ረቢአ ኪሷ ውስጥ እጇን ከትታ ስትዞር ዋለች። ኪስ ኖሯት አያውቅም።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት፣ ከቅዳሴ መልስ ብቻዬን ነበር ጾሜን የምፈታው። ለራሴ ያህል ትንሽ ዶሮ ሠርቼ ነበር። ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ በር ተንኳኳ።

«ባጋ ጌሳን!» አሥሩም ናቸው፣ ሳዲያም አለችበት። በኦሮምኛ እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ! ሙስሊሞቹ ዳቧቸውን ይዘው መጥተዋል፣ ዶሮው ለእነብፅዓት ደረሰ፣ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጉርሻ።

ቄሱ ኋላ ደረሱ። ለወንዶቹ የሁለተኛው መጋዘን ጣሪያ ነገ ይመታል አሉ። ሰልሳቢል ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ ስፌት ላስተምራት ነው። ክር መሰካት ከወዲሁ ትችላለች፣ ከኔ ዓይን የሷ ይሻላል።

ቤቴ መቀመጫ አልቆበት ረቢአ አልጋዬ ላይ ወጣች። ያለኝ የሻይ ብርጭቆ አራት ብቻ ነው፣ በተራ ጠጣን። እኔ መጨረሻ ላይ ደረሰኝ።