ከእህል ትታለፍ

ኅዳር 3
ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነገር አለ። የእንቁን እጅ ተጸይፌያለሁ። ተጸይፌም ደግ ሰው ተብያለሁ።

ይኸው ጻፍኩት። ለምን ዛሬ? ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር። አዲስ ገብስ እየገባ ስለሆነ ወፍጮ ቤቱ ሰው ሞልቶት ዋለ። መብራት የለም፣ በናፍጣ ነው። ከሰዓት ልጄ ሀይማኖት ከአዲስ አበባ ደወለች። ከባንክ ሥራዋ ሌላ ውጭ አገር የቢዝነስ ትምህርት ቤት ልታመለክት ነው። ድርሰት ጻፉ ይላሉ አለች፣ ስለ ብዝኃነትና አካታችነት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከማይመስሉህ ሰዎች ጋር እንዴት ኖርክ፣ የተገለለውን እንዴት አስገባህ ነው፣ አባባ።»

«ቅሬ ነዋ!» አልኳት። ኮራሁ። ፈረንጆቹ ቅሬን ስለማያውቁ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አልኩ… በመካነ ሰላም ሞት ሲደርስ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ድንኳን ይተክላል፣ ከየቤቱ እህል ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ሌላውን ይቀብራል። የቅሬው ዳኛ ደግሞ አባቴ ነው በይ።

«እሱን የወሎ ልጅ ሁሉ ይጽፈዋል። የሚያርምልኝ ጓደኛዬ ስለ አንድ ሰው ጻፊ ብሎኛል።» ከዚያ… «እንቁ! አንተ ለእንቁ ያደረግክላትን እጽፋለሁ!»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

ኅዳር 4
ምን ነበር ያደረግኩላት?

እንቁ ሸክላ ሠሪ ናት። ስለ ሸክላ ሠሪ ሰው የሚያወራውን ሁሉም ያውቀዋል። ዓይናቸው ይበላል… መጻፉም አስጠላኝ። ባሏ ሲሞትባት ቅሬ ልግባ አለች። አትገቢም ያለ የለም። ግን ቅሬተኛ ሁሉ ለለቅሶ ዳቦ ይዞ መምጣት አለበት። የሴቶቹን ጓዳ የምትመራው እቴቴ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች፦ «ትግባ እሺ፤ ዳቦዋን ማን ሊበላ ነው?»

ተነሣሁ። «እንቁ ባሏ የሞተባት፣ ሥራ የሚበዛባት ናት። ከእህል ትታለፍ። ውሃ ትቅዳ፣ ጋን ታውስ፤ ይበቃታል» አልኩ።

ሰው መረቀኝ። እንዲህ ያለ ዳኛ አያሳጣን አሉ። ሀይማኖት ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ስትኮራ አይቻታለሁ።

እቴቴን ዝም ለማሰኘት ነው እል ነበር፣ ለራሴ። አይደለም። እኔም ዳቦዋን መብላት አልፈለግሁም። ወፍጮዬ ላይ እህሏን እፈጫለሁ። ዱቄቷ በአፍንጫዬ ይገባል፣ ቅንድቤ ላይ ይቀመጣል። እሱ ምንም አላለኝም። ሲጋገር ነው የምጸየፈው? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 8
ሀይማኖት ድርሰቱን በአማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። «አባቴ የአንዲትን ብቸኛ ሴት ሸክም አቀለለ። ማካተት ማለት ሰውን እንዳቅሙ መቀበል መሆኑን ከእሱ ተማርኩ።»

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ሁለት ቃል። ከዚያ ወዲህ ደረቴ ላይ ተቀምጠዋል።

ኅዳር 11
የባሰ መጣ። ጓደኛዋ «ሴትዮዋ ራሷ ምን አለች? ምን ተሰማት?» ብሎ በቀይ ጻፈባት። «አባባ፣ ሄደህ ጠይቅልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል።»

አንድ ዓረፍተ ነገር…

ኅዳር 13
እንቁ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ስደርስ አፌ ተያዘ። ድስት ገዝቼ ተመለስኩ።

ኅዳር 16
ዛሬ ደግሞ እንስራ።

ኅዳር 18
አሁንም ድስት። በዚህ ቤት የምበላው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሦስት አዲስ ሸክላ ተደርድሯል። ወዳጄ ሀምዱ ገብስ ሊያስፈጭ መጥቶ አየና፣ «አንተ ቢያድግልኝ፣ ሚስት ልታገባ ነው እንዴ?» አለ።

«ማንን?»

«ወላሂ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ነው የሚያወራው። ዳኛው ሸክላ ሠሪዋ ደጅ ይመላለሳል ይላል። እየሣቁ ነው።»

ለካ ሰውን የሚያስቀው ይሄ ነው። ደጇ ላይ መታየቴ።

ሟች ሚስቴ አሰጋሽ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? «ቀጥ ብለህ ሂድና ተናገር» ነበር የምትለው። እሷ ነገር አታዞርም።

ኅዳር 21
ጽዮን ማርያም። ቅዳሴ ቆሜ እንቁን አየኋት፤ በሴቶች በኩል፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ቆረበች። እኔም ቆረብኩ። ከአንድ ጽዋ። ከአንድ መንበር የሚወጣውን ሥጋና ደም አብሬያት ስቀበል አልተጸየፍኩም፤ ዳቦዋን ግን… አምላኬ ምን ይለኝ ይሆን? ምንም አላለኝም። ይሄ ነው የከበደኝ።

ኅዳር 23
ሄድኩ። ምንም ላልገዛ ምዬ።

ጭቃ እየረገጠች ነበር። በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ። «ዛሬስ ምን ልስጥዎ አያ? የቀረኝ የዶሮ ውሃ መጠጫ ነው።»

የሀይማኖትን ድርሰት ነገርኳት። ከእህል ስላሳለፍኳት እንደሚያወራ፣ ምን ተሰማሽ ብለው እንደሚጠይቁ። እግሯ አላቆመም።

«ደስ ብሏት አለቀሰች ብላ ትጻፍ። ማልቀሱ እውነት ነው።»

«ታውቂ ነበር?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ሰው ሲያሳርፉትም ያውቃል፣ ሲያርቁትም ያውቃል።» አሁን ቆመች። «ያን ቀን ድፎ ጋግሬ ነበር። ለምስጋና፣ ስለተቀበላችሁኝ። በነጠላዬ ሸፍኜ ከኋላ ተቀምጫለሁ። እርስዎ ያን ሲናገሩ ሽታው እንዳይወጣ ፈራሁ። ያው እንደተሸፈነ ይዤው ተመለስኩ።»

አላውቅም ነበር። እንዴት ላውቅ? ዞር ብዬ አላየኋት።

«አሰጋሽ ስትሞት» አለች፣ «ስወልድ ያራሰችኝ እሷ ናት። አጥሚት እየሠራች። ለለቅሶዋ አንዲት ቂጣ ሳልይዝ ውሃ ስቀዳ ዋልኩ።»

አሰጋሽ? እንቁን አርሳታለች? አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ለምን አልነገረችኝም… አውቃለሁ ለምን እንዳልነገረችኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

«እዚህ? ማን ሰማዎት? ዶሮዎቹ?» ሣቀች፤ ሣቋ ግን ደስ አይልም። «በቅሬ ፊት የተናገሩትን በቅሬ ፊት ያንሱት። ጓሮዬ መጥተው ይቅርታ ቢሉኝ እርስዎን ይቀልልዎታል። እኔ በማግስቱ ያው ውሃ ቀጂ ነኝ።»

ኅዳር 24
ለሀይማኖት ደወልኩ። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። እቴቴ በጆሮዬ ያለችውን፣ እኔ በሆዴ ያልኩትን፣ ድፎውን።

ተቋረጠ መስሎኝ «ሀሎ» አልኩ።

«አለሁ። አባባ፣ ነገ ማታ እኮ ነው የሚዘጋው። አሁን ምን ልጻፍ?»

«የሆነውን።»

«የሆነው አንተ ነህ! አባቴ አገለላት ብዬ ልጻፍ? ለምን ያኔ ሳነብልህ አልነገርከኝም? ጥሩ ነው አልከኝ እኮ!»

ጮኸችብኝ። በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፦ «ልጅ ሆኜ ሸክላ እንዳመጣ ስትልኩኝ እንቁ ውሃ ትሰጠኝ ነበር። አልጠማኝም እላለሁ። ጠምቶኝም። አትጠጪ ያለኝ ሰው የለም። ከየት ተማርኩት?»

ከየት እንደተማረችው ሁለታችንም እናውቃለን። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትሁን… አላውቅም።

ኅዳር 26
መልእክቷ ዛሬ ገባ። «እንዳለ ጻፍኩት። ያንተንም የኔንም። ላክሁት። ጓደኛዬ በዚህ አትገቢም ብሎኛል። አብሽር አባባ፣ አልተጣላሁህም።»

ዓመት ሙሉ ስትዘጋጅበት የነበረ ነገር። በኔ ምክንያት ከቀረባትስ? ወፍጮውን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰው በሩን ሲያንኳኳ አልከፈትኩም።

እሷ ለማታውቃቸው ፈረንጆች ተናገረች። እኔ በየቀኑ ለማያቸው ሰዎች መናገር ፈራሁ።

ኅዳር 29
ለሀምዱ ነገርኩት። ከፀሐይ ግባት በፊት፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ግንቡ ላይ ተቀምጠን።

«ተወው» አለ። «ወላሂ ቅሬው ይሰነጠቃል። በሃይማኖት ያልተለያየ ሰው በዳቦ ሊለያይ ነው? ማንም አልበደላትም፤ ሲሞትባት እንቀብርላታለን።»

«አንተ ዳቦዋን ትበላለህ?»

«እኔ? የቤቴ ድስት ሁሉ ከሷ የተገዛ…»

«ድስቱን አልጠየቅኩህም።»

ጺሙን አሻሸ። መንገዱን አየ። «አላውቅም» አለ።

ከሰፈሩ ሁሉ ሐቀኛው እሱ ነው። እኔም ብጠየቅ መልሴ ያው ነው። አላውቅም። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እበላለሁ ወይ? ተጸይፎ የኖረ ሆድ በአንድ ቀን ይታዘዛል?

ታኅሣሥ 4
ነገ የቅሬ ስብሰባ ነው። ልቅርስ? አሞኛል ብልስ?

ታኅሣሥ 5
ተናገርኩ።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ዋርካው ሥር። የድንኳኑ ጉዳይ አለቀ፣ የቀሪዎች ቅጣት አለቀ። ሀምዱ እያየኝ ነው፤ በዓይኑ ተው ይለኛል። ተነሣሁ። እንዲህ እላለሁ ብዬ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋ። «እንቁን ከእህል ያሳለፍኳት አዝኜላት አይደለም» አልኩ። «እጇን ተጸይፌ ነው። ደግ ብላችሁ መረቃችሁኝ፣ ምርቃቱን ወሰድኩ። ዛሬ ቃሌን አንሥቻለሁ። እንደማንኛችንም ታምጣ። እንቁ፣ በድዬሻለሁ።»

እንቁ ከኋላ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

እቴቴ ነች ቀድማ የተናገረችው። «ያኔ በጆሮህ ያልኩህን ዛሬ በአደባባይ ልትዘራብኝ ነው?»

«ያንቺን አላነሣሁም። የራሴን ነው።»

«የራስህን ከሆነማ ለቄስህ አትነግርም!»

ሣቁ። እኔም ልሥቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ጫጫታ ሆነ። አንዱ ዳኝነቱን ይልቀቅ አለ። ሌላው ሸክላዋን ሲገዛ የከረመው ለዚህ ነው አለ። ሀምዱ እጁን አወጣ፦ «ትጋግር።» ከሱ በኋላ ብዙ እጅ ወጣ። ሁሉም አይደለም።

እቴቴ ስትነሣ፣ «መጋገሩን ትጋግር። አፌን ግን ቅሬ አያዝዘውም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የኔንስ ማን ያዝዘዋል? እስካሁን የተናገርኩት በምላሴ ነው።

ታኅሣሥ 8
ከሀይማኖት ስልክ የለም። ትምህርት ቤቱ ገና አልመለሰላትም መሰለኝ። እንቁ እህል ልታስፈጭ መጣች። ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አላነሣችም፤ «አድቅቀው ይፍጩልኝ» ብቻ።

ታኅሣሥ 12
የሀምዱ አክስት ኡምኩልሱም አረፉ። ብዙ የኖሩ ሴት ናቸው። ቀበርን። ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን፤ ሴቶቹ ከየቤታቸው ያመጡትን አስገቡ። የእንቁ ዳቦ በስፌት ላይ ነበር፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ። ራሷ ይዛው ገባች። አስቀመጠችና ወደ ኋላ ቆመች።

ልማዱ ዳኛው ቀድሞ ይቁረስ ነው። ሰው ሁሉ ዳቦውን ሳይሆን እኔን ያያል። ጾም ነው ብዬ ባመልጥ ማን ይጠይቀኛል? ግን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ እኔ አውቃለሁ፣ የምጾምለትም ያውቃል። በስመ አብ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ በግድ ነው የዋጥኩት። ዓይኔን ጨፍኜ አኘክሁ። ከዚያ ጣዕሙ መጣ። ዳቦ ነው። በቃ ዳቦ ነው። ትንሽ ጥቁር አዝሙድ አለው፣ ታቹ ደግሞ…

ሀምዱ ቢስሚላህ ብሎ ቆረሰ። ከሱ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ሰው። ሌሎቹ ወደ ሌላው ዳቦ ዞሩ። እቴቴ ከበሩ ሆና ታያለች፤ አልቀመሰችም፣ አላስነሣችውምም።

እንቁ ከፊቴ አልሄደችም። አንድ ነገር ትጠብቃለች። ምስጋና? ምርቃት? ለሌሎቹ ሴቶች ምን እላለሁ? ለእቴቴ ዳቦ ምን እላለሁ? እንከኑን ነዋ።

«ታቹ አሯል» አልኳት።

እንቁ ትክ ብላ አየችኝ።

«ለሚቀጥለው ለቅሶ አስተካክለዋለሁ» አለች። «ብቻ የርስዎ እንዳይሆን።»

ሣቅ አመለጠኝ፣ በለቅሶ ቤት። ደግሜ ቆረስኩ።