ድንኳኑ የተከለው ቲማቲም

ይድረስ ለአባዬ፣ ለግቢያችን ከንቲባ፤

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም። በሕይወት እያለህም እንደምን ነህ ሲሉህ ስለ ድንች ነበር የምትመልሰው። በመጋቢት ተለየኸን፣ አሁን ሐምሌ ገብቷል፤ አራት ወር ሆነ ማለት ነው። እማዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። እህቴ ትግስት ሐይቅ ዳር ያለውን የሆቴል ሥራዋን ቀጥላለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታነጥፍ ትውልና የራሷን አልጋ እንደተዝረከረከ ትተወዋለች። ባጃጅህን የምነዳው እኔ ነኝ። አትደንግጥ፣ እስካሁን አላጋጨሁትም። አንድ ጊዜ ቆሞ እያለ ተገጭቷል፣ እሱ ደግሞ አይቆጠርም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አላለቀስኩም። ያኔ ጥርስህን ሊነቅሉልህ ማደንዘዣ ወግተውህ ስትመጣ «አፌ የሰው አፍ መሰለኝ» እያልክ ጉንጭህን ስትጠፈጥፍ አልነበር? እኔ ደግሞ በዚያው ጉንጭ ስቄብህ ነበር። አሁን ሁለመናዬ እንደዚያ ነው። ሰው ያጽናህ ሲለኝ አሜን እላለሁ፣ ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ልጅ ይመስለኛል።

የለቅሶህን ነገር አላየህም፣ ልንገርህ። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡና የት እንትከለው አሉኝ። ግቢያችን ከባጃጁ ማቆሚያ ሌላ ያለው መሬት ያንተ የአትክልት መደብ ነው። ለበልግ ድንች ብለህ ቆፍረህ፣ አለስልሰህ፣ እኛን በጫማ እንዳንረግጠው የከለከልከን። «እዚያ ትከሉት» አልኳቸው። ካስማውን ሲመቱት አፈሩ አልይዝ አላቸው። አንዱ ሰውዬ ላቡን እየጠረገ «ይሄን መሬት ማነው እንዲህ ያለሰለሰው?» ብሎ ተቆጣ። «ሟቹ» አልኩት። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

አገር ምድሩ ሲረግጠው ሰነበተ። መዘምራኑ እዚያው ቆመው ዘመሩ፣ ጎረቤቱ እዚያው ተቀምጦ አስተዛዘነን። ድንኳኑ ሲነሳ መሬቱ አስፋልት ሆኗል። የዘንድሮ ድንች በዚያው ቀረ።

ከዚያ ምን እንደበቀለ ገምት። የዕድሩ ሴቶች ድስትና ሰሃን ያጠቡበት ጥግ ላይ፣ ማንም ሳይዘራው፣ ቲማቲም። ቲማቲም አባዬ! ክረምት እየመጣ! ያንተ ሕግ መቼም አይጠፋኝም፤ በልግ ሲገባ ድንች፣ ለክረምቱ ጎመንና ጥቅል ጎመን፣ ዝናቡ ሲወጣ ካሮትና ቀይ ሥር፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን በበጋ፣ በባልዲ እያጠጡ። «ክረምት ላይ ቲማቲም የሚያበቅል ሰው ዣንጥላ ይግዛለት» ትል ነበር።

ያ ምርጫህስ! ወቅት በተለወጠ ቁጥር ቅዳሜ ከሰዓት ጀሪካን ላይ ታስቀምጠንና ምን እንትከል ብለህ እጅ ታስወጣናለህ። እኔ፣ ትግስትና እማዬ ለቲማቲም እናወጣለን። አንተ ብቻህን ለጥቅል ጎመን ታወጣለህ። ጥቅል ጎመን ያሸንፋል። አንዴ ለሐብሐብ ሁለት እጄን ባወጣ ድምፅህ ተሰርዟል ብለህ ውሃ አስቀዳኸኝ።

እና ዘንድሮ ቲማቲሙን ነቅዬ ጥቅል ጎመን ልተክል ከቱላ ገበያ ችግኝ አመጣሁ። ዶማውን ሳነሳ እማዬ በር ላይ ቆማ «ተወው» አለች።

«እማ፣ ክረምት እኮ ነው፣ ይበሰብሳል።»

«አባትህን የሸኙ ሰዎች ትተውት የሄዱት ነው። ተወው አልኩህ፣ አንተ ልጅ!»

ተውኩት። እውነቱን ስነግርህ፣ ካንተ በኋላ እማዬ ከመኝታ ቤት የምትወጣው ለቤተ ክርስቲያንና ለዚያ ቲማቲም ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ ትወጣና እንጨት ታስደግፈዋለች፣ ቅጠሉን ትነካካለች፣ ትገባለች። ብነቅለው ተመልሳ ትተኛለች። ብተወው ደግሞ ዝናቡ ዓይኗ እያየ ይገድለዋል፣ እሷም ሁለተኛ ልትቀብር ነው። ይሄን በየትኛው ወቅት እንደሚያስተምሩ አልነገርከኝም። ችግኙን ውሃ አርከፍክፌ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሰኔ ሲያልቅ ቅጠሉ መጥቆር ጀመረ። የምታውቀው በሽታ ነው፤ ከታች ይነሳና ወደ ላይ ይወጣል። ፍሬው ሳይቀላ ቡናማ ሆነ። እማዬ ግን በየጠዋቱ እንጨት ማስደገፏን አልተወችም። ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ቆርቆሮው ብቻ ሆነ።

ታዲያ እኔ ምን ብሠራ ጥሩ ነው? ገበያ ሄጄ ቀያይ ቲማቲም ገዛሁ። በማግስቱ እማዬ ሳትነሳ በመርፌና በክር እየወጋሁ በየቅርንጫፉ አንጠለጠልኩት። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ተንኮል ስሠራ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው፤ አሁን ጎማ እንደሚለጥፍ ሰው ዝም ብዬ ሰፋሁ። ትግስት ወደ ሥራ ስትወጣ አየችኝና «አብደሃል?» አለች። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። «ያኛው ወርዷል» ብላ ከፍ አድርጋ አሰረችውና ሄደች።

እማዬ ወጣች። ቆመች። አንዱን ቲማቲም መዳፏ ላይ አሳረፈችው፣ ክሩን በጣቷ ተከትላ ደረሰችበት። ወይ ትመታኛለች ወይ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ይሄ የገበያ ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?» አልኳት፣ ኮስተር ብዬ።

«የአባትህ ቲማቲም እንዲህ አምሮበት አያውቅማ።»

ሳቀች ልልህ አልደፍርም። በአፍንጫዋ ትንፋሽ ወጣ፣ ያ ብቻ። ግን ከመጋቢት ወዲህ ከእሷ ሳቅ የሚመስል ነገር የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ከዚያ ክሩን አንድ በአንድ እየፈታች ቲማቲሙን ሳህን ላይ ሰበሰበችና «በል ንቀለው» አለች፤ «ችግኙ ሳይጠወልግብህ።»

ነቀልኩት። ሥሩ እንደፈራሁት አልጠነከረም፣ ቀላል ነበር። እኔ መሬቱን ስቆፍር እሷ የጠቆረውን ግንድ ከግቢ አውጥታ ጣለች፤ ላግዝህ አላለችም፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና ጥቅል ጎመኑን አብራኝ ተከለች። በመካከል ቀና ሳትል «ዝናቡ ሲወጣ ምን ልንዘራ ነው?» አለችኝ። እኔን እኮ ነው የጠየቀችው አባዬ! ዞር ብዬ አየሁ፣ ሌላ ሰው የለም። «ካሮት» አልኳት። «ቀይ ሥርም ጨምርበት» አለች። ቁርሷን ውጭ ተቀምጣ በላች።

ወሬው ይሄው ነው። አልረሳህም ብዬ ብምል አንተ ራስህ አታምነኝም፣ ስንቴ ምዬ አታልዬሃለሁ። ይሄን ግን ያዝልኝ። መስከረም ላይ ካሮቱን ከመዝራቴ በፊት፣ አንተ ዘር ከመጣልህ አስቀድሞ እንደምታደርገው፣ ጣቴን አፈር ውስጥ ከትቼ ዝም እላለሁ። አንተ ምን ይሰማህ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩህም። እኔም እስኪሰማኝ ድረስ እጄን አላወጣም።

ቀልማዳው ልጅህ