ከዚሩ ሥር ያኖርሁት ስልክ

ገዳሪፍ፣ ሱዳን፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ልጄ ለተሥላሴ፤ ያሳደገሽ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። እኛ አለን። ዝናቡ ዘግይቷል፤ ሙቀቱ አይጣል ነው።

የላክሽው ስልክ ሞቷል። ሬዲዮኔን ሃያ ሁለት ዓመት በገዛ እጄ እየፈታሁ ጠግኜ ኖሬአለሁ፤ ይህ ግን ጀርባው በሙጫ የታሸገ ነውና አይፈታም። ወንድምሽ ባዬ የሊቢያ በረሃ ላይ ከመቅረቱ በፊት የላከውን ድምፅ እናትሽ ቀኑን ሙሉ ስትሰማ፣ ስልኩ እንደ ፍም ይግል ነበር። ስለዚህ ቅቤና መድኃኒት ከምናቀዘቅዝበት ከዚሩ፣ ከሸክላው የውሃ ጋን ሥር አስቀመጥሁት። እናትሽ «ዚሩ ያልበዋል፣ ስልኩ ውስጥ እርጥበት ይገባል» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

ጠጋኙ ሁዜይፋ ከፍቶ አየና፣ «ዓሚ፣ አጎቴ፣ ሐብሐብ መሰለዎት? ባትሪውን ሙቀት አሳብጦታል፤ ውስጡን የዚሩ ላብ አዝጎታል። የዚህ ዓይነቱ ዕድሜ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው፤ እርስዎ በአንድ በጋ ጨረሱት» አለኝ። የባዬን ድምፅ ሊያወጣው አልቻለም።

እናትሽ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም፤ እህልም ትታለች። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነግሬአታለሁ።

ሌላ ስልክ አትላኪ። ባዬ ያንኑ መልእክት ለአንቺም ልኮልሽ እንደሆነ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ በወረቀት ጻፊልኝ። እናትሽ ፊደል አታውቅም፤ እኔ አነብላታለሁ። ድምፁ የእኔ ቢሆንም ቃሉ የእሱ ነው።

ደብዳቤሽ እናትሽ ሳትደክም ይድረስላት። ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ።

አባትሽ ጋረደው